ኩርባው ላይ ተሰንቅሮ ስለ ቀረው ኤክስካቫተር

ለክቡር ኢንጂነር ፓንደሊ ጎርጊ
የላይኛው ተራራ መንገዶች ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፦

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በተሟላ ጤንነት፣ በመልካም የምግብ ፍላጎትና በለስላሳ ወንበር ላይ ያገኝዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ወገብዎስ እንዴት ሆነልዎ? ባለፈው ወደ እኛ በመጡ ጊዜ ከመኪናዎ ሲወርዱ ያዝ አድርጎዎት ነበር። ባለቤቴ ፕሬንግ "ራኪ አረቄያችንን ይሹበት፣ የተረፈውን ይጠጡት በይልኝ" ብሏል። ለተከበሩት ባለቤትዎና ለልጆችዎም፣ በዓይን ባንተያይም፣ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ እኔ የሉገዟ ድራንደ ነኝ። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ባለው ካርታ ቤታችን "በኩርባው የውስጥ ጎን የሚገኝ፣ ተጨማሪ ግንባታ ያለው መኖሪያ" ተብሎ እንደ ተጻፈ በጣትዎ ያሳዩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ፤ በቅርቡ በፖስታ የላክኋቸው መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታ ቤቱም ኩርባውን ማለፍ አቅቶት ይሆናል ብዬ ነው።

ከምስጋና ልጀምር፤ ምስጋና ይገባዎታልና። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ከሉገዝ ወደ ከተማ ለመውረድ ጭቃውን ስናቦካ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። አሁን ከተማው ራሱ ወደ እኛ መጥቷል፤ አሥራ ስድስት ሜትር በሚረዝም ተሳቢ ተጭኖ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። መንገዱ በተመረቀ ዕለት ሪባኑን የቆረጡት ሹም "ዓለም ከእንግዲህ ወደ ሉገዝ ይመጣል" ሲሉ በጣም አጨብጭበን ነበር፤ የሚናገረውን ሁሉ የሚፈጽም ሹም ገጥሞን ስለማያውቅ ቃል በቃል ይሆናል ብለን አልጠረጠርንም። ያሉኝን ጥቃቅን ቅሬታዎች እነሆ በቁጥር ከፋፍዬ አቅርቤያለሁ፤ መሥሪያ ቤት ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

፩ኛ. ስለ ኩርባው። በደጃፋችን የሚያልፈው ኩርባ እጅግ የሚያምር ነው፤ ለትንሽ መኪና፣ ለበቅሎና ለሰርገኛ የሚመች ነው። ጠባብነቱን ገልጬ ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለከትሁ ጊዜ "መንገዱ የተነደፈው ለአካባቢው ቀላል ተሽከርካሪዎች ሲሆን፣ ከባድ የጭነት መኪኖች የታችኛውን ዋና መንገድ እንደሚጠቀሙ ይጠበቃል" የሚል በማኅተም የከበረ መልስ ደረሰኝ። "ይጠበቃል" የሚለው ቃል ልቤን ነካውና እኛም ቁጭ ብለን ጠበቅን። ነገር ግን የታችኛው መንገድ የክፍያ ጣቢያ አለው፤ የላይኛው የለውም። ይህን ለመረዳት ሹፌር መሆን አያስፈልግም፤ ኪስ ያለው ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ ተሳቢ ያለው መኪና ሲታጠፍ ጭንቅላቱ የሚሄድበት ሌላ፣ ጭራው የሚሄድበት ሌላ ነው። ሹፌሩ ጋቢናውን በሰላም አዙሮ ማፏጨት ሲጀምር የኋላ ጎማው በአቋራጭ ይመጣል፤ አቋራጩ ደግሞ የእኛ አጥር ነው። ፕሬንግ የሰው ዓይን እንዳይወጋን ብሎ በአጥሩ ላይ የሰቀለው አንድ የጨርቅ ድብ ነበረን፤ ዓይኑንስ መክቶልን ነበር። ጎማው ግን ከነሚስማሩ ጠቅልሎት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

፪ኛ. ስለ ምልክቱ። ረጃጅም መኪኖች እንዳያልፉ የሚከለክለውን ያን ክብና ቀይ ምልክት ስለ ተከሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የተተከለው ከኩርባው በኋላ በመሆኑ ሹፌሩ ከፊትም ከኋላም መላወሻ አጥቶ አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ ፊት ለፊቱ ያነበዋል። አንድ የመቄዶንያ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆይቶ "እማማ፣ ይሄ እኮ ምክር አይደለም፤ ስድብ ነው" አለኝ። ነገሩም እውነት ነው።

፫ኛ. ከባዶቹ መኪኖች እየቆሙ አስፋልቱን ስለ ቦረቦሩት ውሃ አቁሯል። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ዳክዬዎቻችን ይዋኙበታል፣ አመስግኑልንም ብለዋል።

፬ኛ. ስለ እንግዶቹ። ዋናው ጉዳዬ እዚህ ላይ ስለሆነ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። በእኛ ተራራ ቤት የእግዜርና የእንግዳ ነው። ደጃፍህ ላይ መንገድ የጠፋው፣ የመሸበት ወይም መሄድ ያቃተው ሰው ከቆመ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ይዘሃል ሳትለው አስገብተህ፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠህ ታበላዋለህ፤ የበላ እንግዳም የበላበትን ቤት አይጎዳም። ይህ ሕግ ሲወጣ መንገደኛ ማለት በእግሩ ወይም በበቅሎው የሚመጣ፣ በወር አንዴ ብቅ የሚል ሰው ነበር። ሕጉን ያወጡት አባቶች አርባ ቶን አላሰቡም። ኩርባውን የነደፈው ሰውም አርባ ቶን አላሰበም። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር እኔ ደጃፍ ላይ ተገናኘና እኔን ማድ ቤት አስገባኝ።

ተሳቢ ሲሰነቀር የሚጎትተው የጎረቤታችን የኮል ትራክተር ብቻ ነው። ኮልም ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩልም። "ትራክተሩ ትንሽ ይሙቅ" ብሎ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል፤ ትራክተሩ ሲሞቅ ኮል ይሞቃል፤ ሁለቱም ሞቀው ሲነሡ ጀምበር ዘቅዝቃለች። አንድ ጊዜ ከላይ የመጣና ከታች የመጣ ሁለት ተሳቢዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆሙ። ሹፌሮቹ ከውጭ በዱላ ሊጋበዙ ምንም ሳይቀራቸው ፕሬንግ እየጎተተ አስገባቸውና ደግሞ ከውስጥ "አንተ ከምድጃው ጎን ተቀመጥ"፣ "ኧረ በፍጹም፣ አንተ ትቀድመኛለህ" ተባብለው ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተገባበዙ። ሥጋ የማይበላ የፖላንድ ሰውም ገጥሞናል። ፕሬንግ የታመመ መስሎት ራኪውን ደጋገመለት፤ ሰውየው ሲሄድ ሁላችንንም ስሞ ሄደ።

ፕሬንግ በዚህ ሁሉ ደስታውን አልቻለውም። የፍሬን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እጁ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል። ዕቃ የሚያጥበው ግን ፕሬንግ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ቦሎቄው፣ አይቡ፣ የደረቀው ሥጋ ሁሉ ገና ክረምቱ ሳይገባ እያለቀ ነው።

እውነቱን ለመናገር ኩርባውን ጨርሼ መርገምም አልቻልሁም። ባርድ የሚባል የኩከስ ከተማ ልጅ አለ፤ ተሳቢ ይነዳል። ሌላው ሹፌር አንዴ ከተሰነቀረ ወይ መንገድ ይለውጣል ወይ መታጠፊያውን ይለምዳል፤ ባርድ ግን በመጣ ቁጥር ይሰነቀራል፤ የሚሰነቀረውም እሑድ፣ ምሳ ሲቀርብ ነው። ልጄ ቪቶረ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ፀጉሯን ታጥባ ታድራለች። አንድ እሑድ ልጁ በትንሽ የቤት መኪና መጣና መኪናዋንም ኩርባው ላይ አግድም አቁሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "እማማ፣ ተሰነቀርሁ" አለኝ። ፕሬንግ ያን ዕለት ጠርሙሱን ሳይነካ "በል ሽማግሌ ላክ" አለው። የወይን ለቀማው እንዳለቀ የባርድ አባትና አጎቶች ቪቶረን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ በእንግዳ ክፍላችን እንቀበላቸዋለን ብለን ቃል ሰጥተናል።

፭ኛ. ስለ እንግዳ ክፍላችን። "ኩርባውን ለማስፋት ተወስኗል" የሚል ደብዳቤዎ በደረሰን ጊዜ ወረቀቱን ሳምሁት። ሁለተኛውን ገጽ ያነበብሁት ከሳምሁ በኋላ ነው። ኩርባው የሚሰፋው ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ ሲሆን "ተጨማሪ ግንባታው ይነሣል" ይላል። ከኩርባው ውጭ በኩል ያለው የመንግሥት መሬት እሾህ ብቻ ነው የበቀለበት፤ ነገር ግን ወደዚያ ለማስፋት የድጋፍ ግንብ መሥራት ያስፈልጋል፤ ግንብ መሥራት ደግሞ ውድ ነው። ያለውን ግንብ ማፍረስ ርካሽ መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ በጥልቅ ጥናት ደርሶበታል።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም። ያን ክፍል የሠሩት የፕሬንግ አባት ናቸው፤ ድንጋዩን ከወንዝ በጀርባቸው ነው ያወጡት። እንግዳ መቀበል ሰውን በሚያስጠይቅበት በዚያ በክፉው ዘመን እንኳ በሩን አልዘጉም። እኔ ሙሽራ ሆኜ የተቀበሉኝ እዚያ ነው፤ እሳቸው ሲያርፉም የተለቀሰላቸው እዚያ ነው። የእንግዳ ክፍል የሌለው ቤት በእኛ ዘንድ ቤት አይባልም፣ መጠለያ ነው። የልጄን ጠያቂዎች በድስቶቼ መካከል ማድ ቤት ውስጥ ላስቀምጥ ነው ወይስ ዝናብ ላይ? ቪቶረ "እማዬ፣ ግድ የለም፣ የትም ይሁን" ትለኛለች፤ ግን ስትለኝ ፊቷን ታዞራለች። ፈርቻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ።

፮ኛ. ስለ ጉብኝትዎ። ክፍሉን ሊያፈርስ የታዘዘው ኤክስካቫተር የመጣበትን ዕለት ሉገዝ መቼም አትረሳውም። መሣሪያውን የጫነው ሎቤድ እስከዚያ ቀን ካየናቸው መኪኖች ሁሉ የረዘመ ነበር። ኩርባው ላይ ደረሰ፤ ጭንቅላቱ ዞረ፤ ጭራው ቀረ። ኤክስካቫተሩን እዚያው እንዳያወርዱት መውረጃው ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ክፍሉን ሊያፈርስ የመጣው መሣሪያ ከክፍሉ ግድግዳ በክንድ ርቀት ላይ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ፤ ዝናቡም ያን ጊዜ ጀመረ። ኮልን ለመጥራት አንድ ሰው ላክን።

የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር አቶ ጀሎሽ የእኛው ተራራ ሰው ስለሆኑ ቆባቸውን አውልቀው ገቡ፤ ሠራተኞችዎም ተከተሉ። እርስዎ ግን የመኪናዎን መስኮት ዘግተው ውስጥ ቀሩ። የደቡብ ሰው ስለሆኑ ልማዳችንን አያውቁም ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ከማንም በላይ አውቀውት ኖሯል። ፕሬንግ ጃንጥላ ይዞ ወጣና ለራሱ ሳይሆን ለመኪናዎ ጣሪያ ዘርግቶ፣ እሱ ዝናብ እየወረደበት ቆመ። "ኢንጂነር፣ ይግቡ እንጂ!" አለዎት። "ሥራ ላይ ነኝ" አሉት። "ይሁና፣ እኔም ምን ሥራ አለኝ" አለና ድርቅ ብሎ ቆመ። በመጨረሻ ይሉኝታ ያዝዎትና በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ወገብዎንም ያመመዎት ያን ጊዜ ነው።

ከምድጃው አጠገብ በክብር ቦታ ተቀመጡ፤ የበጉም ራስ፣ የክቡር እንግዳ ድርሻ ነውና፣ ለእርስዎ ቀረበ። ጥሩ አድርገው በሉ፤ በዚህ አላማዎትም፣ ደስ ነው ያለኝ። ከምሳ በኋላ የቦሎቄ ፍሬ በጠረጴዛው ላይ እየደረደሩ ያስተማሩንን ትምህርት እስከ ዛሬ ለጎረቤት እናስተምራለን። "ወይዘሮ ድራንደ፣ በአንድ አክስል፣ ማለት በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ፣ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው የሚሆነው" አሉኝ። ስለዚህ የአስፋልቱ ውፍረትም፣ የኩርባው ስፋትም፣ የዳገቱ ልክም የሚታሰበው ለብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ሳይሆን ለጥቂቶቹ ትልልቆች መሆን እንዳለበት ፍሬውን ሰብስበው እየበተኑ አስረዱን። እንደ እርስዎ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር ትምህርት ቤትም አልገጠመኝ። "ታዲያ የእኛን መንገድ ለማን ነደፋችሁት?" ብዬ ጠየቅሁዎት። ብርጭቆዎን በጣትዎ አዞሩ፣ አዞሩና "ለበጀቱ" አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እርስዎም ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው የጣሪያውን ተሸካሚ እንጨት አይተው "እንዲህ ያለ ክፍል ከእንግዲህ ማንም አይሠራም" አሉ። ይህን ከአፍዎ የሰማን ብዙ ነን። ኮል በትራክተሩ ሎቤዱን ወደ ኋላ ጎትቶ አወረደው፤ ፕሬንግም እስከ መንደሩ ወሰን ሸኘዎትና ተሳስማችሁ ተለያያችሁ። እኔ ሞኟ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ የክፍሉን ግድግዳ ለሽማግሌዎቹ ኖራ ቀባሁት።

ኖራው ሳይደርቅ ደብዳቤዎ መጣ። አቶ ጀሎሽ "የበላሁበትን ክፍል በአካፋ አልነካም" ብለው የመሣሪያውን ቁልፍ ስላስረከቡ፣ በምትካቸው ሌላ ኦፕሬተር መቀጠሩን፣ መሣሪያውም በዚህኛው ኩርባ ሳይሆን በላይኛው ተራራ ዞሮ እንደሚመጣ በትሕትና አስታወቁን። አቶ ጀሎሽን ያመስግኑልኝ። ጥቂት ነገር ብቻ እንዳስታውስዎ ይፍቀዱልኝ፤ የበጉን ራስ የበሉት እኮ አቶ ጀሎሽ አይደሉም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ኩርባውን ወደ ውጭ ያስፉልን። እሾሁን ፕሬንግ በነፃ ይመነጥርልዎታል፤ ባለቤትነቱ የመንግሥት ስለሆነ እሾሁም ቅር አይለውም። ለድጋፉ ግንብ በጀት ካጠረም ከዚህ በፊት ለአጥራችን ጥገና፣ ለምልክቱና ለሁለቱ የኤክስካቫተር ጉዞዎች የወጣውና የሚወጣው ምን ያህል እንደሚሆን እርስዎ በቦሎቄ ቢያሰሉት ይበቃል። ኩርባው ሲሰፋ እንግዳ እንደሚቀንስብን አውቃለሁ። ፕሬንግ ከአሁኑ አዝኗል፤ "አንዳንዱን እንኳ የሚይዝ ትንሽ ጠበብ ያለ ቦታ ተዉልን" ይላል። እሱን አይስሙት፤ አስፉት። ባርድም ካጨ በኋላ መታጠፍ እንደሚማር ቃል ገብቶልኛል።

ይህን ሁሉ ያስነበብሁዎት ስለ መንገዳችን ካለዎት ሌት ተቀን ሐሳብ ላይ ጥቂት ልጨምርልዎ ብዬ ነው። ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ በጀትና እንደ ታችኛው መንገድ ቀና የሆነ ወገብ ይስጥዎ።

በካርታዎ ላይ ተጨማሪ ግንባታ፣ በምድር ላይ ግን ባለቤት የሆንሁ፣ በደጃፌ ላይ ለሚያቆሙብኝ ሁሉ አስተናጋጅ፣ የእርስዎም ታዛዥ፣ ዘወትር የምታከብርዎ፣
ድራንደ፣ የፕሬንግ ባለቤት
ሉገዝ

የተረሳ ጉዳይ፦ ይህን ደብዳቤ አሽጌ ለጋዜጣው ልልክ ስል እርስዎ የላኩት አዲሱ ኦፕሬተር በላይኛው ተራራ ዞሮ ደረሰ። ምስጋና ይግባዎ፣ መሣሪያው የትም አልተሰነቀረም፤ ክንዱንም በጣሪያችን ላይ ከፍ አድርጎ አቆመው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከመኪናው ሳይወርድ "አለቃዬ በዚህ ቤት ምንም ነገር እንዳትቀምስ ብለውኛል" ሲል ለፕሬንግ ነገረው። ክቡርነትዎ ስለ እኛ ይህን ያህል ማሰብዎን ስንሰማ ልባችን ተነካ። ፕሬንግ "እሺ፣ ውሃስ ተከልክለሃል?" አለው። ልጁ አሰበ፣ አሰበና "ውሃ እንኳ አላነሡም" አለ። በእኛ ቤት ደግሞ ውሃ ለብቻው አይቀርብም። አሁን ይህን ስጽፍ ሦስተኛ ሳህኑ ላይ ነው፤ ሲያበቃ የመሣሪያውን ቁልፍ በእጁ እንልክልዎታለን። ሦስተኛውን ኦፕሬተር የሚልኩበትን ቀን ግን አስቀድመው ያስታውቁን፤ በጉ በጊዜ መታረድ አለበት። አብረው ከመጡ የበጉ ራስ እንደ ባለፈው የእርስዎ ነው።